ነፍስ ይማር ለጊታሩ ሠሪ

[ሳሎን። ሶፋው ላይ በነጭ አንሶላ ላይ የተጋደመ ጊታር። ግድግዳው ላይ ባዶ ሚስማር። ሊቁ ጡረታ የወጣ ምክትል ርዕሰ መምህር ነው፤ ቅጽል ስሙን ያወጡለት ተማሪዎቹ ሲሆኑ እሱ ግን ማዕረግ መስሎት ተቀብሎታል። አናጢው የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው፤ ሲናገር ስለማይቸኩል ዘመድ ሁሉ ዘገምተኛ ይለዋል። ሊቁ «ጉድ ላሳይህ» ብሎ አስጠርቶት ገና መግባቱ ነው።]

ሊቁ፦ እጅህን! እጅህን ሰብስብ!

አናጢው፦ ታጥቤ ነው የመጣሁት ጋሼ።

ሊቁ፦ በምን?

አናጢው፦ በውሃ።

ሊቁ፦ በውሃ ይለኛል! ይሄ እኮ እንደ አንተ በርጩማ ያገኘው ሁሉ የሚቀመጥበት ዕቃ አይደለም። በዓይንህ ብቻ እይ።

አናጢው፦ እሺ። ግን ሶፋው ላይ ምን ያስተኛዋል? ሚስማሩ ባዶ ነው፣ እዚያ ይንጠልጠል።

ሊቁ፦ የመቶ ዓመት ሽማግሌ በአንገቱ ይንጠለጠላል እንዴ? ወይ አለማወቅ!

አናጢው፦ [ሚስማሩን እያየ] ሚስማሩ ላይ የነበረውስ ጊታር?

ሊቁ፦ እሱን ተወው።

አናጢው፦ እኔስ ልተወው። እትዬ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ትመጣለች። እሷም ትተወዋለች?

ሊቁ፦ ትምጣ! ይሄን ስታይ እልል ነው የምትለው። ለወጥኩት።

አናጢው፦ ምኑን?

ሊቁ፦ የአባታችሁን ጊታር ነዋ! ሰጠሁና ይሄን ወሰድኩ። የጡረታ ሽልማት ሰዓቴንም ጨመርኩበት።

[አናጢው ቀስ ብሎ ሊቀመጥ ይላል።]

ሊቁ፦ ሶፋው ላይ አይደለም! መሬት ተቀመጥ።

አናጢው፦ የአደራ ዕቃ ነው ትሉት አልነበር?

ሊቁ፦ አደራ መሆኑን መቼ ካድኩ? ግን የአባታችሁ ነገር፣ እሱን ጊታር ትለዋለህ? ሳንቃ ነው እኮ! ስትነካው ሰው በር የሚያንኳኳ ነው የሚመስለው። ድምፅ የለው፣ ለዛ የለው። የሠራው ሰውዬ እጁ ድንጋይ ነው።

አናጢው፦ ጀማሪ ሊሆን ይችላል።

ሊቁ፦ ጀማሪ ከሆነ ለምን አይተወውም? ማን አስገደደው?

አናጢው፦ [ጉሮሮውን ይጠርጋል።]

ሊቁ፦ ይልቅ ጠጋ በልና ዛሬ እንኳ አንድ ነገር ተምረህ ግባ። ይሄን ፊቱን እየው። ይሄ መስመር መስመር የሆነው ምንድን ነው?

አናጢው፦ ጥድ ነው። የቁምሳጥን ጀርባ ይመስላል።

ሊቁ፦ አንተ ቤተ መንግሥት ብታይም ቁምሳጥን ነው የምትለው! ይሄ ተራራ ጫፍ ላይ፣ በብርድ፣ ቀስ ብሎ ያደገ እንጨት ነው። ለዚህ ነው መስመሩ የተቀራረበው።

አናጢው፦ እዚህ ጋ ማጠፊያ ነበረበት። ቀዳዳው በኮላና በሰጋቱራ ተደፍኗል።

ሊቁ፦ [ጎንበስ ብሎ] የት? እሱማ ማኅተም ነው። የድሮ ሠሪዎች ስማቸውን አይጽፉም፣ ነጥብ ነው የሚያስቀምጡት።

አናጢው፦ እሺ።

ሊቁ፦ ይሄውልህ ደግሞ፣ ከትልቁ የድምፅ ቀዳዳ ሥር ተፍቋል። ስልሳ ዓመት ሙሉ የአንድ ሰው ጥፍር ያረፈበት ቦታ ነው። ስንቱን ፍቅር፣ ስንቱን መለየት አይቷል! [ዓይኑን ይጠርጋል።]

አናጢው፦ ሞረድም እንዲህ ያደርጋል።

ሊቁ፦ ምን?

አናጢው፦ ሞረድ። ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው።

ሊቁ፦ ጥፋተኛው ለአንተ የማስረዳው እኔ ነኝ! እስቲ አሽትተው። ምን ምን ይላል?

አናጢው፦ ሻይ ሻይ።

ሊቁ፦ ዕድሜ ነው! ዕድሜ ነው እንዲህ የሚሸተው።

አናጢው፦ ወፍራም ሻይ ነው። ሁለት ጊዜ ተቀብቶ ከላይ ቫርኒሽ የተደረገበት።

ሊቁ፦ ጠዋት ቁርስ አልበላህም መሰለኝ፣ ሁሉ ነገር ምግብና መጠጥ ሆኖብሃል። [ስልኩን አብርቶ በጊታሩ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ያያል።] አሁን ዋናውን ላሳይህ። እነዚህ ቀጫጭን እንጨቶች ፊቱን ከውስጥ ደግፈው የያዙት ናቸው። ካልቀጠኑ ድምፁ ይታፈናል፣ በጣም ከቀጠኑ ፊቱ ይሰነጠቃል። በእጅ ነው የተጠረቡት። የቢላዋውን መንገድ ተከተል፣ ወዴት ያዘነብላል? ስለዚህ ሰውዬው ግራኝ ነበር።

አናጢው፦ [በግራ እጁ ጆሮውን እያከከ] ይሄስ ልክ ነው።

ሊቁ፦ ይሄስ? ሌላው ምን ሆነና ነው? ቆይ! ቆይ ቆይ ቆይ! ጽሑፍ አለ! በእርሳስ! [መነጽሩን ከፍ ዝቅ እያደረገ] «ሐሙስ፣ ጥርስ ሐኪም።» የምሥራች!

አናጢው፦ [ጉንጩን ይዳብሳል።]

ሊቁ፦ አልገባህም። ላስረዳህ። የመጀመሪያው ባለቤት ጥርስ ሐኪም ነበር። ሰባቱንም ቀን ጥርስ መንቀል ያደክማል። ሐሙስ ሐሙስ በሩን ዘግቶ ይሄን ጊታር ይዞ ብቻውን ይቀመጥ ነበር።

አናጢው፦ ወይም ደግሞ ሐሙስ ቀጠሮ ያለው ሰው እንዳይረሳ ጽፎት ይሆናል።

ሊቁ፦ ጊታር ውስጥ? የትኛው ዕብድ ነው ቀጠሮውን ጊታር ውስጥ ጽፎ የሚዘጋው?

አናጢው፦ አናጢ ወረቀት አይፈልግም ጋሼ። እጁ ላይ ያለው እንጨት ላይ ነው የሚጽፈው። ተጣብቆ ካለቀ በኋላ «ያን ነገር የት ጻፍኩት?» ይላል።

ሊቁ፦ እና ቀጠሮውስ?

አናጢው፦ ያልፈዋል። ጥርሱም ያብጣል።

ሊቁ፦ ወሬህን ተውና ቆብህን አውልቅ። ለሰውዬው ክብር እንስጥ። አቤት እጅ! እጁ ይባረክ! በሕይወቱ አንድ ሰው እንኳ አላመሰገነውም። በችግር ሞተ።

አናጢው፦ ሞተ?

ሊቁ፦ እንዲህ ዓይነቱ ሰው መቼ ይከብራል? «ነፍሱን ይማር» በል።

አናጢው፦ እሱ እንኳ ይቅር ጋሼ።

ሊቁ፦ ምን ይነካሃል? የሙያ ባልደረባህ እኮ ነው፣ የሰማይና የምድር ያህል ብትራራቁም!

አናጢው፦ ይከብደኛል።

ሊቁ፦ በል አልኩህ!

አናጢው፦ [ቆቡን አውልቆ] ነፍሴን ይማር።

ሊቁ፦ ነፍሱን! ሰው እንዴት ነፍስ ይማር ማለት ያቅተዋል?

አናጢው፦ [ቆቡን መልሶ እያጠለቀ] ሻጩ ግን ስለ ዕቃው ምንም አላለዎትም?

ሊቁ፦ ያ አሮጌ ዕቃ ሻጭ? ምስኪን! ምን እንደያዘ መቼ ያውቃል? «አዲስ ነው፣ ባለፈው ወር ነው የተሠራው፣ አሠራሩን ነው በድሮው ያስመሰልነው» ይለኛል።

አናጢው፦ እንዲህ ብሎ ነገረዎት?

ሊቁ፦ ሦስት ጊዜ! እኔ ሆዬ ሆዴ ውስጥ እየሳቅሁ፣ «እሺ፣ አዲስ ይሁንልህ» አልኩት። እንዳይነቃ የአባታችሁን ሳንቃ ቶሎ አቀበልኩት፣ ሲያመነታ ጊዜ ሰዓቴን ፈታሁለት፣ ወጣሁ። ሰው ሮጦ አይከተለኝም ብለህ ነው?

አናጢው፦ አይከተልዎትም። ጋሼ፣ ይሄን ጊታር የሠራሁት እኔ ነኝ።

ሊቁ፦ [ይስቃል።] አንተ!

አናጢው፦ ሻጩ አዝዞኝ። ከተጣለ ቁምሳጥን፣ በሞረድና በሻይ። ሐሙስ ዕለት ጥርሴን ሳልታከም ቀረሁ። [አፉን ከፍቶ ያሳያል።]

[ሊቁ በስልኩ መብራት አፉን ያያል። ከዚያ ጊታሩን። ከዚያ የአናጢውን ግራ እጅ ይዞ ያገላብጣል። ሳቁ ይጠፋል።]

ሊቁ፦ ወይኔ! ስለዚህ የአባትህን ጊታር በቁምሳጥን ጀርባ ነው የለወጥኩት?

አናጢው፦ ጥሩ ቁምሳጥን ነበር።

ሊቁ፦ ጉድ ሆንኩ! ስንት ሰዓት ነው?

አናጢው፦ ሰዓትዎን ሰጥተውታል።

ሊቁ፦ ተነስ! ተነስ እንሂድ፣ እግሩ ላይ እወድቃለሁ!

አናጢው፦ ይቀመጡ ጋሼ።

ሊቁ፦ እንዴት ብዬ ልቀመጥ? አባትህ ሊሞት ሲል የእህትህን እጅ ይዞ «ይቺን ጊታር ብቻ አደራ» ብሏታል። አጠገቧ ቆሜ ሰምቻለሁ! ሠላሳ ዓመት አብሬያት የኖርኩት ሴት ዛሬ አደራ በላ ልትለኝ ነው። ውሸቷንም አይደለም። ምነው እጄን በቆረጠው! [አንሶላውን ገፋ አድርጎ ሶፋው ላይ ዘጭ ይላል።]

አናጢው፦ አይዞዎት። ሚስማሩ ላይ የነበረውንም የሠራሁት እኔ ነኝ።

ሊቁ፦ [ቀና ብሎ] የቱን?

አናጢው፦ ሳንቃውን። የመጀመሪያ ሥራዬ ነው። ጀማሪ ነበርኩ አላልኩም?

ሊቁ፦ የአባትህስ?

አናጢው፦ አባባ በሞተ በዓመቱ እትዬ ይዛው መጣች። «ይሄን የሚመስል ሥራልኝ፣ የሱን አንተ ጋ ደብቅልኝ» አለችኝ። ይኸው ዘጠኝ ዓመቱ።

ሊቁ፦ ከማን ነው የሚደበቀው?

[አናጢው ጣሪያውን ያያል።]

ሊቁ፦ ከእኔ? እኔ ምን አደረግኩ?

አናጢው፦ የእማማን የግድግዳ ሰዓት «እንዴት እንደሚሠራ ላሳያችሁ» ብለው ፈቱት። እስካሁን ካርቶን ውስጥ ነው።

ሊቁ፦ እሱ ሌላ ነው! አንዲት የማርሽ ጥርስ ጠፍታ ነው! ለማንኛውም ተመስገን፣ አደራው አልጠፋም። እኔ ግን የአንተን ሥራ ሰጥቼ የአንተን ሥራ ወሰድኩ በለኛ። ሰዓቴን መርቄ! እሺ፣ የአባትህ ጊታር አንተ ጋ ምን ይሠራል? ትጫወትበታለህ?

አናጢው፦ እኔ አልችልም። እትዬ ናት የምትጫወተው።

ሊቁ፦ እሷማ አትችልም። እንደተጋባን ሰሞን ትሞክር ነበር። የጣቷ አያያዝ ልክ እንዳልሆነ አስረዳኋት፣ ክሩን እንዴት መንካት እንዳለባት አስረዳኋት፣ ከዚያ ተወችው።

አናጢው፦ እዚህ ቤት ነው የተወችው።

ሊቁ፦ ቅዳሜ ቅዳሜ «ወንድሜን ልጠይቅ» እያለች የምትወጣው...

አናጢው፦ እኔን ብቻ ብትጠይቅማ ዛሬ እኔ ቤት ትቻት ስመጣ ተከትላኝ ትመጣ ነበር።

[ሊቁ ባዶውን ሚስማር ያያል።]

ሊቁ፦ ጥሩ ትጫወታለች?

አናጢው፦ መጋዜን አቁሜ ነው የምሰማት። ጎረቤትም መስኮቱን ይከፍታል።

ሊቁ፦ [ጫማውን ይፈልጋል።] እኔም ልስማት። ሠላሳ ዓመት አብሬያት ስኖር እኔ ብቻ ነኝ ያልሰማኋት? አሁኑኑ ውሰደኝ።

አናጢው፦ ይምጡ። ግን ውጭ በሩ ላይ ቆመው ነው የሚሰሙት።

ሊቁ፦ የገዛ ሚስቴን? ብገባ ምን አደርጋታለሁ?

አናጢው፦ ያስረዷታል።