ለእንግዳ የተቀመጠ አየር

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ሳሎናችን ስገባ መቀመጫ አጣሁ። አቧራው ሶፋውን ሁሉ ይዞ፣ እግሩን አጣምሮ ሻይ ይጠጣል። ብድግ ብሎ ቦታ የሚለቅልኝ የለም። ረጅሙ ሶፋ ላይ ደግሞ የባለቤቴ ወንድም ለልጄ ለኖላዊት አስም ብሎ ከዱባይ የላከው የአየር ማጣሪያ ጋቢ ለብሶ ተኝቷል። ሲተነፍስ እንደ አሮጌ በር ሲጥ ሲጥ ይላል። አማቴ እማማ ዘርፈሽዋል ራስጌው ተቀምጠው በጋዜጣ ያራግቡለታል።

«ምን ሆኖ ነው?» አልኳቸው።

«አስም ጀምሮታል። ድምፅህን ቀንስ።»

ሐኪም ተጠራ። የመጣው የሚኒባስ ጭስ ነበር፤ ነጭ ጋዎን ለብሶ፣ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ። የማሽኑን ጀርባ ቸብ ቸብ አደረገና ወደ እኔ ዞሮ በጥርጣሬ አየኝ።

«እዚህ ቤት ሰው አለ?»

«አራት ነን።»

«እኮ፣ በሰው መሀል እንዴት ይተንፍስ? በሉ፣ በየክፍሉ አንዳንድ ሰው ሰክታችሁ አየሩን አጣሩለት።»

ወዲያው ግድግዳው ጋ አቁመው ሶኬት ላይ ሰኩኝ። ግንባሬ ላይ አረንጓዴ መብራት በራ። አቧራውን በአፍንጫዬ እየሳብኩ ንጹሑን በጆሮዬ ማስወጣት ያዝኩ። እውነቱን ለመናገር በዲግሪዬ ካገኘሁት ሥራ ይሄኛው ይሻላል። ከማዶ ኖላዊትን ሰኳት። ስድስት ዓመቷ ነው። ትንሽ እንደሠራች የግንባሯ መብራት ቀላ፤ ደረቷ ከፍ ዝቅ ይላል።

«ይቺ ሞልታለች» አለ ጭሱ። «አጥባችሁ ፀሐይ ላይ አስጧት። ካልሆነላት በሌላ ልጅ ትቀየር።»

«አትቀየርም» አልኩ። ራሴን ነቀልኩ፣ እሷንም ነቅዬ አዘልኳት። «ንጹሕ አየር የሚሰጠው የት ነው?»

«ወረዳ» አሉ አቧራዎቹ ባንድ ድምፅ፣ ሻያቸውን ሳያስቀምጡ።

ወረዳ ስንደርስ ሠራተኞቹ እስከ በሩ ተሰልፈው ባለጉዳይ ይጠብቃሉ። ከፊት የቆመው የተጠቀለለ ምንጣፍ ነበር፤ ሲናገር ከአፉ ብናኝ ይወጣል።

«ንጹሕ አየር ለእንግዳ ብቻ ነው ጌታዬ።»

«ልጄ መተንፈስ አቅቷታል።»

«እንግዳ ናት?»

«ልጄ ናት አልኩህ።»

«እሱ ነው ችግሩ። እቤትዎ እንደማይኖሩ የሚገልጽ ደብዳቤ ይዘው ይምጡ።»

«ማን ነው የሚጽፍልኝ?»

«አብሮዎት የሚኖር ሰው።»

ራሴ ጻፍኩት። ምንጣፉ ደብዳቤው ላይ አንዴ ራሱን አራገፈና ብናኙ ማኅተም ሆነ። ኖላዊትን እንዳዘልኩ ሄጄ የገዛ በሬን አንኳኳሁ።

«ማን ልበል?» አሉ እማማ ዘርፈሽዋል ከውስጥ።

«እንግዳ።»

በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ። «በሞቴ ግቡ። ምነው እንዲህ ጠፋችሁ?» አቧራው ሁሉ ከሶፋው ተነስቶ ሥሩ ገባ። ማሽኑም ጋቢውን ጥሎ ተነሳና ኮሌታዬን ጨመደደኝ።

«ወንድሜ» አለኝ ሲጥ እያለ፣ «ልብሴን አውልቅልኝ። ታፈንኩ።»

ከጋቢው ሥር የለበሰውን ዳንቴል ገፈፍኩ። ሥሩ ሌላ ዳንቴል። ከሥሩም ሌላ። እጄ ዛለ፤ ኖላዊት ጀርባዬ ላይ ሲጥ ሲጥ ትላለች፤ እኔም አልተውኩም። አሥራ ሰባተኛውን ስገፍፍ ነቃሁ።

ሲጥታው ግን አላቆመም። ነግቷል። ባለቤቴ ገና ከአዳር ሥራዋ አልተመለሰችም፣ ኖላዊት አጠገቤ ቁጭ ብላ አየር ትፈልጋለች። ኢንሄለሯን ሰጠኋት። ቀለል ሲላት አቅፌያት ወደ ሳሎን ወጣሁ።

ማሽኑ እንደተለመደው ጥግ ላይ ነጭ ዳንቴል ለብሶ፣ አናቱ ላይ የፕላስቲክ አበባ ተሸክሞ ቆሟል። የኖላዊት ሐኪም «መድኃኒቷን አይተካም፣ ግን ያግዛታል። መኝታ ክፍሏ ውስጥ በር ተዘግቶ ሲሠራ ይደር» ካለን ስምንት ወር ሆነ። እማማ ዘርፈሽዋል የሚያበሩት እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው። እንግዶቹም «አየሩ እንዴት ደስ ይላል» ብለው ይሄዳሉ።

«እማማ፣ ከዛሬ ጀምሮ እሷ ክፍል ነው የሚገባው።»

«ድንገት ሰው ቢመጣስ?»

አልተከራከርኳቸውም። ልጄን እንዳቀፍኩ በፒጃማ ወጣሁ፣ በሩን ከውጭ ዘጋሁና አንኳኳሁ።

«ማን ልበል?»

«እንግዳ።»

 ሳቃቸው ተሰማኝ፣ ከዚያ ቁልፉ።

«አንተ ልጅ ጤናም የለህ። ውሰደው እንግዲህ።»

ኖላዊትን ሶፋው ላይ አስቀምጬ አበባውን አወረድኩ፣ ዳንቴሉን አጣጥፌ እጃቸው ላይ አስቀመጥኩ። ማሽኑን መኝታ ክፍሏ አስገብቼ ከመሰካቴ በፊት የጀርባውን ክዳን ከፈትኩ። አቧራ የሚይዘው የውስጥ ማጣሪያ ከፋብሪካ እንደወጣ በላስቲኩ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ስምንት ወር ሙሉ እንግዶቻችን ያደነቁት የራሳችንን አቧራ ነበር።

የላስቲኩን ጫፍ ያዝኩ። እማማ ዘርፈሽዋል በትከሻዬ ላይ አሻግረው እያዩ፣

«ቀስ ብለህ ልጄ፣ እንዳይቀደድብህ። ላስቲኩ ይፈለጋል» አሉኝ።

ቀደድኩት።