የሃያ ቴራው ጉባኤ

በዚያ የተከበረ ቤት ጉዳይ በችኮላ አይወሰንም። አባወራው ጡረታ እስኪወጡ ሃያ ስድስት ዓመት ስብሰባ መርተዋል፤ ዛሬም ብርጭቆ ሲሰበር አጣሪ ኮሚቴ ያቋቁማሉ። ልጆቻቸው ዞር ሲሉላቸው «ሰብሳቢው» ይሏቸዋል።

ትልቋ ልጃቸው ከተዳረች አራት ወሯ ነው። የሰርጓ ቪዲዮ ያለው አባቷ አሮጌ ላፕቶፕ ውስጥ ብቻ ሲሆን፣ እሱም ሰሞኑን ሆዱ ውስጥ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀምሯል።

«አባዬ፣ ሳይሞትብን ሃርድ ዲስክ ገዝተን እንገልብጠው» አለች።

«ተገቢ ጥያቄ ነው። በአጀንዳ ይያዛል።»

ተያዘ። ጉባኤው ሳሎን ተሰየመ። ሰብሳቢውም ለታሪክ እንዲቀመጥ ብለው ላፕቶፑን ቡፌው ላይ አቆሙና ካሜራውን ከፍተው፣ ከመክፈቻ ንግግራቸው ጀምሮ ይቀርጹ ጀመር።

«የሰርጉ ቪዲዮ ርዝመቱ ስድስት ሰዓት ነው፤ አንድ ቴራባይት ይተርፈዋል» አለች ሙሽሪት።

«አንቺ የምታስቢው ለሰርግሽ ነው፤ እኔ ለትውልድ። ሃያ ይሁን።»

«ይከብዳል?» አሉ አክስቷ፣ ሐብሐብም ጫማም በእጃቸው ሳይመዝኑ የማይገዙ ሴት። «ከቀለለ ባዶ ነው ማለት ነው።»

«እትዬ፣ ሲገዛማ ባዶ ነው።»

«ታዲያ ባዶ ዕቃ ምን ያደርግልናል?»

ይህ ጥልቅ ሐሳብ በቃለ ጉባኤ እንዲሰፍር ታዘዘ። በማግስቱ ስለ ፍጥነቱ ተመከረ፤ በደቂቃ ሰባት ሺህ ጊዜ የሚሽከረከር ነገር ከቡፌው ላይ እንዳይወድቅ ተሰግቶ። በሦስተኛው ቀን ስለ ዋስትናው፣ በአራተኛው ስለ ቀለሙ። ሙሽሪት ከባሏ ቤት እየተመላለሰች ታዳምጣለች፤ ላፕቶፑ ቀጭ ባለ ቁጥር ልቧ አብሮ ቀጭ ይላል።

«አባዬ፣ ቀለሙ ምን ያደርግልናል?»

«ሃያ ቴራ እኮ ነው ልጄ። ተረጋጊ።»

በስድስተኛው ቀን ሃርድ ዲስኩ ገባ። ጥቁር ነው፤ ክብደቱም በአክስት እጅ ተመዝኖ ጸድቋል። ላፕቶፑ ነፍሱ ሳትወጣ ተደረሰለት፤ ያለው ሁሉ አንድም ሳይጎድል ተገለበጠ። ሙሽሪት እፎይ ብላ የመጀመሪያውን ቪዲዮ ከፈተች። የመክፈቻ ንግግር። ሁለተኛውን ከፈተች። አክስቷ ስለ ክብደት ያብራራሉ። እስከ መጨረሻው ወረደች።

«አባዬ፣ ሰርጌስ?»

«እሱማ» አሉ ሰብሳቢው ረጋ ብለው፣ «በሦስተኛው ቀን ይሄ ላፕቶፕ ቦታ የለኝም ብሎ የስብሰባውን ቀረጻ ሊያቋርጥብኝ ሲል፣ ትልቁን ፋይል ፈልጌ አጠፋሁለት። አይዞሽ፣ ችግሩ ከሥሩ ተፈቷል። ከእንግዲህ አርባ ጊዜ ብትዳሪም ቦታ አይጠብሽም።»