ማርካ የሌለው ክኒን

ወዳጄ፣ የፒያሳ ሰው ሲገናኝ መጀመሪያ የሚሳሳመው በጉንጩ ይመስልሃል? ተሳስተሃል፤ በዓይኑ ነው። ዓይን ከጫማ ይነሣል። የሱሪውን ተኩስ ተከትሎ ሽቅብ ይወጣል። ኮሌታው ዘንድ ሲደርስ ጥቂት አረፍ ይላል። ጉንጭ ለጉንጭ መነካካቱ የሚመጣው ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። ሌላ ሰፈር ቢሆን ትዕቢት ይሉት ይሆናል። እኛ ዘንድ ሰላምታ ይባላል።

እኔም፣ ምን ልደብቅህ፣ በዚህ እኮራለሁ። ምሳውን ሳይበላ ከኬክ ቤት ደጃፍ ቆሞ ጥርሱን በስንጥር የሚጎረጉር ሰው ያፈራ ሰፈር ነው። ቸርችል ጎዳናን ሲወጣ ትንፋሹ ቢያጥረው እንኳ ክራባቱን የማያላላ ሰው ያለበት ሰፈር ነው። ቤቱ ፈርሶ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ከገባ በኋላ፣ ጫማውን ለማስቦረሽ ብቻ እሑድ እሑድ በታክሲ ፒያሳ የሚመለስ ሰው አውቃለሁ። እዚያ ሊስትሮ ጠፍቶ ነው? የሚያይ ዓይን ጠፍቶ ነው እንጂ።

ታዲያ ክብርም እንደ በርበሬ ነው፤ ልኩን ሲያልፍ ያስለቅሳል።

እስቲ የማርካን ነገር እንውሰድ። ማርካ ስልህ፣ ልብሱ የት አገር እንደተሠራ የምትናገረዋን ቁራጭ ጨርቅ ማለቴ ነው። አዲስ ሱፍ እጅጌው ላይ ማርካ ይዞ ይመጣል፤ የሰፋው ሰው ሐሳብ ገዢው ፈትቶ እንዲጥላት ነበር። እኛ ዘንድ ግን ማርካ መፍታት ከመጽሐፍ ሽፋን ላይ የደራሲውን ስም እንደ መፋቅ ይቆጠራል። ጓደኛዬ ሳምሶን ያገባበት ሱፍ ግራ እጅጌው ላይ የጣልያን ማርካ ነበረበት። እንግዳውን ሁሉ በግራ እጁ ጨበጠ። ኬኩን በግራ እጁ ቆረሰ። ፎቶ ሲነሣ ጥርሱን እንዳመመው ሰው በግራ መዳፉ አገጩን ደገፈ። አማቱ ይህን ሁሉ ዝም ብለው ሲያዩ ቆይተው፣ በመጨረሻ ወደ እናቱ ጠጋ አሉና «ቀኝ እጁን ያመዋል እንዴ? ምነው ሳትነግሩን?» አሉ።

ሱፉ ግን ጣልያንን በዓይኑ አላየም። የተሰፋው ከቸርችል ጎዳና ገባ ብላ ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ነው። ማርካዋንም ሳምሶን ራሱ ከብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ መርጦ ነው ያሰፋት። ራሱ መርጦ፣ ራሱ አሰፍቶ፣ መልሶ ራሱ አመነባት! ሰው መቼም ጉድ ነው።

የሱቋ ባለቤት ጋሽ እንድሪስ ይባላሉ። በወጣትነታቸው ከወሎ መጥተው መቀስ የጨበጡባት ሱቅ ናት። እኔ የምሠራው ግድግዳ በምትጋራቸው ማተሚያ ቤት ውስጥ፣ የሰው ጽሑፍ በማረም ነው። ጋሽ እንድሪስ ስለ ሁለታችን ሥራ ሲናገሩ፣ «እኔ የሰው ትከሻ አቃናለሁ፣ አንተ የሰው ዓረፍተ ነገር ታቃናለህ፤ ሁለታችንንም የሚያበላን ጠማማ ነው» ይላሉ። አንድ ትከሻው የዘነበለ ሰው እርሳቸው የሰፉትን ለብሶ ሲወጣ፣ ቀጥ ብሎ እንደ ምሰሶ ይታያል። በዚህ እጅ ያልኮራሁ በምን ልኮራ? ቆርቆሮዋ ግን ባንኮኒው ላይ ናት፤ ከነጣልያኗ፣ ከነእንግሊዟ፣ ከነፈረንሳይዋ። ደንበኛ ሱፉን ሲረከብ እጁን ይሰድና አገር ይመርጣል።

እንግዲህ እኒህ ሰው የደም ግፊት አለባቸው። ሐኪሙ በግልጽ ነግሯቸዋል፤ መድኃኒቱን በየቀኑ ካልወሰዱ አንድ ወገናቸው ሽባ ሊሆን ይችላል። ጋሽ እንድሪስ «የትኛው ወገን?» ብለው ጠየቁ። ሐኪሙ አስቀድሞ አይታወቅም አላቸው። «ግራው ከሆነ እንስማማለን» ብለው ወጡ። መቀስ የሚይዙት በቀኝ ነዋ!

የታዘዘላቸው ክኒን ባለ ማርካ ነው። ካርቶኑ ያብለጨልጫል፤ ስሙ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። ጋሽ እንድሪስ በሱቁ መስኮት ላይ፣ አላፊ አግዳሚው እንዲያየው አድርገው ያስቀምጡት ነበር። አየህ፣ በሽታም በማርካ ሲሆን ያኮራል። ነገር ግን የክኒኑ ዋጋ ዳገት የማይፈራ ሆነ። እርሳቸው ቸርችልን ሲወጡ ሦስት ቦታ ያርፋሉ፤ ዋጋው ሳያርፍ እየሮጠ ይወጣል። ቢሆንም ከአፋቸው አንዲት እሮሮ አልወጣችም። እኛም ዝምታቸውን ደህንነት አድርገን ተረጎምነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከግድግዳው ማዶ መቀስ ሲወድቅ ሰማሁ። ነገሩ ምን ያስደንቃል ትል ይሆናል። የጋሽ እንድሪስ መቀስ ግን ወድቆ አያውቅም። ብዕሬን ጥዬ ሮጥኩ። ተቀምጠው ቀኝ እጃቸውን ይመለከቱታል፤ ሌላ ሰው ረስቶት የሄደ ዕቃ ይመስል። ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ፣ ከጥግ ተቀምጠው ቁልፍ የሚተክሉት፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ እያሹ በሹክሹክታ ይጸልያሉ። ያገኘነው ታክሲ ውስጥ አስገብተናቸው ወደ ሐኪሙ በረርን።

እዚያ ስንደርስ ጣቶቹ መንቀሳቀስ ጀምረው ነበር። ሐኪሙ መረመረ፣ አቆያቸው፣ ደጋግሞ ለካ። ዛሬ የመጣው መልእክተኛ ነው፣ ነገ ላኪው፣ ሽባነቱ ራሱ፣ ሊመጣ ይችላል የሚል ነገር ነገራቸው። ከዚያ ስለ መድኃኒቱ ጠየቃቸው። ጋሽ እንድሪስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሰኞና ሐሙስ እጾማለሁ» አሉ። «እኔ ስጾም እሱም አብሮኝ ይጹም ብዬ...»

«በሌሎቹ ቀናትስ?»

«በሌሎቹ ቀናት... አንዳንዴ የሱና ጾሙን ያበዛል።»

እትዬ ዘይነባ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «ወላሂ ጾም አይደለም! ዋጋው ነው! እንዲያልቅበት ስለማይፈልግ ነው! አንተ ሰው፣ እጅህ ከሄደ እኔ ቁልፍ የምተክለው በማን ኮት ላይ ነው?»

ወሬው ቀድሞን ሱቁ ደረሰ። የሰፈሩ ሰው አዋጥተን እንግዛላቸው አለ። እድርተኞቹም መጡ። ጋሽ እንድሪስ ከወንበራቸው ተነሥተው፣ ኮታቸውን ቆልፈው አመሰገኑ። ከዚያም «እኔ በእግሬ ቆሜ ሳለሁ ለእኔ ድንኳን አይተከልም» ብለው ሸኟቸው። ምን ትላቸዋለህ? እኔ ግን ደረቴ ሲነፋ ተሰማኝ። እንዲህ ያለ ሰው ጎረቤቴ ነው!

ይሁንና ኩራት ደም ግፊት አያወርድም። ማዘዣውን ተቀብዬ ምኒልክ አደባባይ አጠገብ ወዳለው መድኃኒት ቤት ሄድኩ። ፋርማሲስቷ ሕይወት ትባላለች። ወረቀቱን አየችና፣ ይህ እኮ የፋብሪካው ስም ነው፣ የመድኃኒቱ ስም ሌላ ነው አለችኝ። ንጥረ ነገሩ አንድ፣ መጠኑ አንድ የሆነ፣ ሌሎች ፋብሪካዎች የሚሠሩት መኖሩን አስረዳችኝ። ተመርምሮ፣ ተመዝግቦ የገባ ነው፤ ዋጋው ግን ከዚያኛው ጋር ሲነጻጸር ሜዳ ነው። «እኔ በራሴ አልቀይርም» አለች፤ «ሐኪሙ ይስማማ፣ እሱ ይጻፍበት።» ሐኪሙ ተስማማ። እንዲያውም ስለ ዋጋው ቀድሞ የነገረው ሰው ቢኖር ኖሮ ቀድሞ ይጽፈው እንደነበር ነገረኝ። ማን ይንገረው? ኮታቸውን ቆልፈው ነው ፊቱ የሚቀርቡት!

እንደ ድል አብሣሪ እየሮጥኩ ተመለስኩ። ጋሽ እንድሪስ ግራጫዋን ካርቶን በሁለት ጣት አንሥተው አዩዋት። ማብለጭለጭ የለ፣ ወርቃማ ጽሑፍ የለ።

«ማርካዋስ?» አሉ።

የለችም አልኳቸው።

«ልጄ፣ ርካሽ ጨርቅ አንድ ክረምት አይሻገርም። እንድሪስን የገደለው ርካሽ ክኒን ነው እንዲባል ነው የምትፈልገው?»

የተማርኩትን ሁሉ አሰለፍኩ። ስም ልብስ ነው፣ ምንነት ገላ ነው አልኩ። ስማቸው ቢቀየር ሽታቸውና ጣዕማቸው አይቀየርም ብዬ ጽጌረዳንም ማርንም ጠራሁ። ወንዝ በየአገሩ ስሙ ቢለያይም ውኃው አንድ ነው እስከማለት ደረስኩ። ዓይናቸውን ጨፍነው በጽሞና አዳመጡኝ። «አሳምረህ ተናገርክ» አሉ። «አልውጥም እንጂ!»

በዚህ ጊዜ እትዬ ዘይነባ መርፌያቸውን ቁልፍ የሚተክሉበት ኮት ጠርዝ ላይ ሰክተው ተነሡ። ወደ ባንኮኒው ሄዱ። የብስኩቷን ቆርቆሮ አነሡና በባለቤታቸው ጭን ላይ ገለበጡት። ጣልያኑ፣ እንግሊዙ፣ ፈረንሳዩ ተዝረከረከ። ከላዩ ላይ ግራጫዋን ካርቶን አስቀመጡ። መርፌና ክርም ጨመሩበት።

«በል» አሉ። «የፈለግኸውን አገር መርጠህ ስፋበትና ዋጠው።»

ጋሽ እንድሪስ ጭናቸውን አዩ። አንዲት የጣልያን ማርካ አንሥተው ገለባበጧት። መጀመሪያ ጢማቸው ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ትከሻቸው። እኔ ሕመሙ የተመለሰ መስሎኝ ልነሣ ስል፣ ሳቃቸው ከማተሚያ ቤታችን መኪና ድምፅ በላይ ፈነዳ። «ዘይነባ! ገደልሽኝ! ክኒኑ ሳይገድለኝ!» እያሉ ዕንባቸውን ጠረጉ።

በማግሥቱ እኔን አስከትለው ሕይወት ዘንድ ራሳቸው ሄዱ። ኮታቸውን እንደ ቆለፉ፣ ክኒኗን በመዳፋቸው አድርገው፣ ስለ ውስጧ ጠየቁ። ገበር ነው የሚመረምሩት የሚመስለው። የትኛው ንጥረ ነገር ነው? በማን ተፈተሸ? ለምን ረከሰ? ሕይወትም፣ «ጋሼ፣ ማርካው የሚያስከፍለውን አያስከፍልዎትም፤ ውስጡ ግን ያው ነው» ብላ በትዕግሥት መለሰችላቸው። ሲወጡ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጅቷ ሥራዋን ታውቃለች። ልብስ ሰፊ ብትሆን ትቀናቀነኝ ነበር።»

ከዚያ ወዲህ ክኒኑ አንድም ቀን ጾሞ አያውቅም። ሐኪሙ በለካ ቁጥር ደስ ይለዋል። መስኮቱ ላይ አሁን ግራጫዋ ካርቶን ተቀምጣለች፤ በኩራት! ሱፍ ሊለካ የሚመጣ ሰው ደረቱ እየተለካ ምክር ይሰማል። «መድኃኒት ከመንገድ እንዳትገዛ። በራስህም እንዳትቀይር። ግን ሐኪምህን አትፈር። ተመሳሳይ ርካሽ አለ ወይ ብለህ ጠይቅ፤ መጠየቅ ክራባት አያስፈታም» ይሉታል። ስንቱ ደንበኛ ለሱፍ መጥቶ መጀመሪያ ወደ ሐኪሙ እንደሄደ ብታይ! እጅግ የኮራው ሰፈር ዋጋ መጠየቅ ጀመረ፤ ያውም አንገቱን ቀና አድርጎ።

ቆርቆሮዋም ከባንኮኒው ወርዳ መደርደሪያ ላይ ወጣች። ጋሽ እንድሪስ ለሱፎቻቸው አዲስ ማርካ አሠሩ፤ በማተሚያ ቤታችን ፊደሉን የመረጥኩላቸው እኔ ነኝ። «እንድሪስ፣ ፒያሳ» ትላለች፤ ሌላ ምንም።

ባለፈው ሳምንት ሳምሶን ሱቁ ገባ። አዲስ ሱፍ ለብሷል። የመጣው እጅጌው እንዲያጥርለት ነው። ግራ ክንዱን ባንኮኒው ላይ ሲዘረጋ ማርካዋን አየኋት፦ «እንድሪስ፣ ፒያሳ።» ጋሽ እንድሪስ ግን ይህን ሱፍ አልሰፉትም። ሳምሶን ከሌላ ሰፈር በግማሽ ዋጋ እንደገዛው ተናገረ። ክንዱን ለመሰብሰብ ሲሞክር፣ በሜትራቸው ያዙት።

መነጽራቸውን አደረጉ። ገበሩን ገለበጡ። ስፌቱን በጥፍራቸው ተከተሉት። እኔ የነጎድጓዱን ሰዓት ጠበቅሁ። እትዬ ዘይነባ መርፌያቸውን አቆሙ።

«ጨርቁ ያው ነው» አሉ በመጨረሻ። «ስፌቱም ያው ነው ለማለት ምንም አልቀረው። በግማሽ ዋጋ ካገኘኸው እኔ ዘንድ ምን ትሠራለህ?»

ከዚያ መቀሳቸውን አነሡ። ቀኝ እጃቸው ንቅንቅ አላለችም። ሐሰተኛዋን ማርካ ክር በክር ፈቱ፤ ጨርቁን አንዲት ጭረት አላስነኩትም። መደርደሪያው ላይ ያለችውን ቆርቆሮ አውርደው ከጣልያኑና ከእንግሊዙ መካከል አኖሯት። ክዳኑን ከመግጠማቸው በፊት እንደገና አዩዋት፤ ፊታቸው በራ።

«ዘይነባ!» አሉ። «ነይ እይኝ፤ እኔም የሚሰረቅ ማርካ ሆንኩ!»