የሳጥኑ ኑዛዜ

ሰው ያወቀው ነገር ሁሉ አብሮት የሚኖር ይመስለዋል። ቁልፉን የት እንዳኖረ ያውቃል፤ ለጎረቤቱ ምን ቃል እንደገባ ያውቃል፤ እስኪረሳው ድረስ ሁሉንም ያውቃል። የቀደሙት ሰዎች ይህን ጠባያችንን አይተው ነው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ያሉን። እኛም ምሳሌውን ወደድነውና በቃላችን ያዝነው። መጻፉን ለሌላ ሰው ተውነው።

ሐይቅ ከተማ የሚኖር ሰው ደግሞ በዚህ ነገር ሰበብ የለውም። ከሥራ ቦታዬ ደጃፍ ቆሜ ሳይ ሐይቁ ወለል ብሎ ይታየኛል፤ ወደ ውኃው ገባ ባለው መሬት ላይ የእስጢፋኖስ ገዳም አለ። እዚያ ያሉት መምህራን ዜማውን በቃላቸው ያንቆረቁሩታል፤ ብራናውን ግን አልጣሉትም። ያን ሁሉ በቃሉ የያዘ ሰው ብራና ካስፈለገው፣ ትናንት ምሳ ምን እንደበላሁ የሚጠፋኝ እኔ ስንት ወረቀት ያስፈልገኝ ኖሯል? ይህን ጥያቄ ያነሳሁት፣ እንደ ብዙዎቻችን፣ ከጉዳቱ በኋላ ነው።

ሥራዬ እዚሁ ባለች ትንሽ ኮሌጅ የኮምፒውተር መስመሮችን መጠበቅ ነው። አልፎ አልፎ ስለማስተምር ሰው ሁሉ «መምህር» ይለኛል። በአንዲት ጠባብ ክፍል ግድግዳ ላይ ስዊች የሚባል ሳጥን ተሰቅሏል፤ የኮሌጁ ገመዶች ሁሉ የሚሰበሰቡት እሱ ላይ ነው። የትኛው ገመድ የፈተና ክፍሉ፣ የትኛው የቤተ መጻሕፍቱ እንደሆነ፣ ማን ከማን እንደሚገናኝ፣ ማን የት እንዳይደርስ የምነግረው እኔ ነኝ። ሳጥኑ ታዛዥ ነው፤ የነገሩትን ወዲያው ይፈጽማል። አንድ አመል ብቻ አለው። በመጨረሻ «ይህን መዝግበህ ያዝ» የምትል አንዲት መስመር ካልጨመራችሁለት፣ እስኪጠፋ ድረስ ይሠራበታል እንጂ አይዘውም። አጥፍታችሁ ስታበሩት አያውቃችሁም።

ያችን መስመር «ነገ» እያልሁ ዓመት አለፈ። ሳጥኑ ባትሪ ስላለው መብራት ሲሄድ እንኳ ጠፍቶ አያውቅም፤ ስለማይጠፋም ስንፍናዬ ብልሃት መስሎ ኖረ።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ሠልጣኞቹ በኮምፒውተር የሚፈተኑት ከደሴ በሚመጡ ፈታኞች ፊት ነው። ፈተናው ሁለት ጊዜ ተቀጥሮ ሁለት ጊዜ ቀርቷል፤ ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ካልተጀመረ ለከርሞ ነው ተብሏል። ሐዋ የምትባል ሠልጣኝ ከአምባሰል ወርዳ ከጠዋት ጀምሮ በረንዳው ላይ ተቀምጣለች። ባለፍሁ ባገደምሁ ቁጥር ቀና ትላለች።

«መምህር፣ ዛሬስ አለ? ወይስ እንደለመደብን ነው?»

«አብሽሪ፣ ዛሬ አለ።»

እንዲህ ደረቱን ነፍቶ ቃል የሚሰጥ ሰው ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ መቼም ታውቃላችሁ።

በእኛ አገር እንግዳ ሲመጣ ቤት ይጠረጋል። ግቢው ተጠረገ፤ ወንበሩ ተወለወለ፤ አጥሩ ላይ የተሰጣው ልብስ ሳይቀር ተነሳ። እኔም ከሰው ላለማነስ ብዬ የሳጥኑን አቧራ ላራግፍ ተነሳሁ። እርጥብ ጨርቅና ኤሌክትሪክ ደግሞ አይዋደዱም። ስለዚህ ጠንቃቃ ሰው የሚያደርገውን አደረግሁ።

አጠፋሁት።

አምስት ሰዓት ተኩል ግድም ነበር። እስኪያብረቀርቅ ወለወልሁት። መልሼ ሳበራው ከፋብሪካ እንደወጣበት ቀን ንጹሕ ሆኖ ተነሳ፤ ከውጭም፣ ከውስጥም። የፈተና ክፍሉ ኮምፒውተሮች እንደተጣሉ ጎረቤቶች ዝም ተባብለው ተቀመጡ።

ግልባጭ አልነበረህም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ነበረኝ እንጂ፣ ፍላሽ ላይ። የአክስቴ ልጅ ሲያገባ ለሰርጉ ቪዲዮ ቦታ ቢያንሰኝ የማይረባውን ልሰርዝ ብዬ ሰረዝሁት። ዛሬ ያን ፍላሽ ብትከፍቱት ሙሽራው ሦስት ሰዓት ሙሉ ይጨፍርላችኋል።

ላቤን ስጠርግ ነው መዝገብ ቤቱ ትዝ ያለኝ። ከዓመት በፊት፣ ሳጥኑ በተተከለ ሰሞን፣ ክፍሎች ሁሉ የሥራቸውን ሰነድ በወረቀት ለመዝገብ ቤት ያስገቡ የሚል ደብዳቤ ወጥቶ ነበር። በኮምፒውተር ዘመን ወረቀት! እኔም ለሹፈት ብዬ ለሳጥኑ የሰጠሁትን ትእዛዝ ሁሉ ሰባት ገጽ አትሜ ለመዝገብ ቤት ኃላፊዋ ለእትዬ ዘሃራ ወሰድሁላቸው። እትዬ ዘሃራ ጡረታ የደረሱ፣ ለቀልድ የማይቸኩሉ ሴት ናቸው። ወረቀቱን አገላበጡት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የሳጥኑ ኑዛዜ ነው።»

አልሳቁም። ማህተም መቱበት፤ ቁጥር ሰጡት፤ በፋይሉ ጀርባ በሚያምር የእጅ ጽሕፈት «የሳጥኑ ኑዛዜ» ብለው ጽፈው መደርደሪያው ላይ አኖሩት። እኔ ሳምንት ሙሉ ይህን ለሰው እያወራሁ ስስቅ ሰነበትሁ።

አሁን እፊታቸው ቆሜያለሁ።

«እትዬ፣ ያን ኑዛዜ ፈልጌው ነበር።»

«ኑዛዜ የሚከፈት ባለቤቱ ሲሞት ነው» አሉ ቀና ሳይሉ።

«ሞቷል።»

«ማን ገደለው?»

«እኔ።»

«ለሳጥን አይባልም እንጂ ኢና ሊላሂ ባልሁ ነበር» አሉና እስክሪብቷቸውን አኖሩ። «በል፣ ሰነድ የሚወጣ በጽሑፍ ተጠይቆ፣ ዳይሬክተሩ ሲፈርሙበት ነው።»

ዳይሬክተሩ በዚያ ሰዓት ፈታኞቹን ሐይቁ ዳር ዓሣ እየጋበዙ ነበር። እዚያ ሄጄ «ዓሣው ይስማማችሁ፣ ፈተናውን ግን ከአቧራው ጋር ጠርጌዋለሁ» ልበል?

«በአላህ እትዬ፣ ልጅቱ ከጠዋት ጀምሮ በረንዳ ላይ ናት። ዛሬ ከቀረ ለከርሞ ነው።»

በመስኮቱ ወደ ሐዋ ተመለከቱ። መነጽራቸውን አወለቁ፤ ጠረጉት፤ መልሰው አደረጉት።

«ፋይሉ እኔን ትቶ አይወጣም» አሉ። «እኔ ግን ፋይሌን ይዤ ብንሸራሸር የሚከለክለኝ ደንብ አላየሁም።»

እንዲህ ሆነና ጠባቧ ክፍል ውስጥ እሳቸው ወንበር ላይ፣ ፋይሉ ጭናቸው ላይ፣ እኔ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥን። ፋይሉን በሁለት እጃቸው ይዘውታል፤ ለእኔ የተፈቀደው ማየት ብቻ ነው። ገጽ የሚገለበጠው በእሳቸው ጣት ነው።

«ልገልብጥ?»

«ይቆዩ፣ ይቆዩ።»

«ሦስተኛው መስመር ላይ አንዲት ነጥብ ዘለልህ።»

«ይህን ያነባሉ እንዴ?»

«ምን እንደሚል አላውቅም። ያልጻፍኸውን ግን አያለሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ግልባጭ ሳስተያይ ነው የኖርሁት።»

እውነታቸውን ነው፤ ዘልያለሁ። ያች ነጥብ ብትቀር የፈተና ክፍሉ ተዘግቶ ይውል ነበር።

አምስተኛው ገጽ ላይ ስንደርስ ሳጥኑ ይህን ሁሉ እንዴት ሊረሳ እንደቻለ ጠየቁኝ። በሚገባቸው ቋንቋ ልንገራቸው ብዬ፣ «ደብዳቤው ተጽፎ ነበር፤ ማህተም ሳልመታበት ቀረሁ እንጂ» አልኋቸው።

«ማህተም የሌለውማ ምኑን ደብዳቤ ሆነው!» ብለው በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። ሳጥኑ ሲሞት እንኳ እንዲህ አላዘኑም።

ለስምንት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ኮምፒውተሮቹ ታረቁ። ሐዋ ላብ በላብ ሆኜ ስወጣ አይታኝ «ኧረ ፈተናው የመምህር ነው እንዴ?» እያለች ገባች። ፈተናው በሰዓቱ ተጀመረ።

ኑዛዜው የዓመት ዕድሜ ስለነበረው ከዚያ ወዲህ የሆነውን አያውቅም። ለምሳሌ፣ መስመሩን እያጨናነቀ ሲያስቸግረኝ ከዳይሬክተሩ ቢሮ የኳስ ጨዋታ እንዳይታይ መዝጋቴን አያውቅም። ዳይሬክተሩ ከዓሣው መልስ ቢሯቸው ገብተው ጥቂት ቆዩና ወጥተው እጄን ጨበጡኝ። «ዛሬ መስመሩ እንዴት ነው ያማረበት! በርታ!» አሉኝ። በረታሁ።

ከዚያ እኔና እትዬ ዘሃራ በረንዳው ላይ፣ ሐዋ ከጠዋት ጀምሮ በተቀመጠችበት አግዳሚ ላይ አረፍን። ፋይሉ አሁንም ብብታቸው ውስጥ ነው። ሥራው ምን ያህል ከባድ እንደነበረ፣ ሌላ ሰው ቢሆን እንደማይወጣው፣ ለአንድ ሰዓት ያህል ሳስረዳቸው በትዕግሥት ሰሙኝ። ስጨርስ፦

«ታተመበት?» አሉኝ።

«ማህተሙማ አለው፤ እርስዎ ራስዎ አትመውበት የለ?»

«ፋይሉንማ አትሜዋለሁ። ሳጥኑን ነው የምልህ።»

በዕድሜዬ እንዲህ ሮጬ አላውቅም። በሩ ላይ ፈተናዋን ጨርሳ ከምትወጣ ሐዋ ጋር ልንላተም ለጥቂት ተረፍን።

«ደግሞ ምን መጣ?»

«ማህተም!»

«እኔስ ጨርሻለሁ፣ አልሐምዱሊላህ!» አለችና መንገድ ለቀቀችልኝ። ውስጥ ገና አንገታቸውን ደፍተው የሚፈተኑ ነበሩ። ያችን አንዲት መስመር ጻፍሁ። ዓመት ሙሉ ያስተላለፍኋት ሥራ የጠየቀችኝ አንድ ትንፋሽ ያህል ጊዜ ነው።

በማግሥቱ የታደሰውን ግልባጭ አትሜ፣ ያለ ሹፈት፣ በሁለት እጄ ይዤ መዝገብ ቤት ሄድሁ። እትዬ ዘሃራ ገጾቹን ቆጠሩ፤ ማህተም መቱ፤ «የሳጥኑ ኑዛዜ፣ ሁለተኛ» ብለው ጻፉና ከመጀመሪያው ጎን አኖሩት። ከዚያ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ።

«የራስህንስ?»

«ነገ» አልኋቸው።