ሰማያዊ ጸጉር ያለው ባላንጣዬ

ሰው በብዙ ነገር ይቀናል። በጎረቤቱ ቤት ይቀናል፣ በባልንጀራው መኪና ይቀናል፤ አንዳንዱ ደግሞ ሚስቱን በልጅነቷ ለትዳር ጠይቋት በነበረ፣ ዛሬ ራሰ በራ ሆኖ ቢስቲማ ገበያ ላይ እህል በሚነግድ ሰውዬ ሲብሰለሰል ዕድሜውን ይጨርሳል። ይሄ ሁሉ ደግ ነው። የሚቀናበት ሰው ቢያንስ ሥጋ ለብሶ የሚሄድ ፍጡር ስለሆነ፣ ሲብስበት መንገድ ላይ ጠብቆ ይገላምጠዋል፤ ሲከፋም በሽማግሌ ይታረቀዋል። እኔ ግን የቀናሁት በስዕል ነው። አዎ፣ በእርሳስ ተነድፎ ቀለም በተቀባ፣ ሰማያዊ ጸጉር ባለው ጎረምሳ። ሳቁ፣ ግድ የለም። የሌላ ሰው ጉዳይ ቢሆን እኔም እስቅ ነበር።

ሰይድ እባላለሁ፤ ሥራዬ ከባድ መኪና መንዳት ነው። ቤቴ ደሴ ሆጤ ነው፣ መኪናዬ የምታድረው ኮምቦልቻ። ጉዞ ባለኝ ጠዋት ከሱብሂ ሶላት በኋላ ከቤት እወጣና በሚኒባስ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁል እወርዳለሁ። ደሴ ላይ የደራረብኩትን ሹራብና ጃኬት ኮምቦልቻ ላይ አንድ በአንድ አወልቄ፣ በባቲ በሚሌ አድርጌ ወደ ጅቡቲ ወደብ እነጉዳለሁ። መንገዱን የሄደበት ያውቀዋል። ጎማ የሚያፈነዳ ሙቀት አለ፣ ዓይን የሚያስከድን ድካም አለ፤ አንዳንዴም መንገድ ዳር የተገለበጠ ተሳቢ ታያለህ፣ ታርጋውን ስታነብ ትናንት አብሮህ ሻይ የጠጣ ሰው መኪና ሆኖ ታገኘዋለህ። ያኔ «ያ ረቢ» ብለህ ፍጥነትህን ቀንሰህ ታልፋለህ።

ታዲያ ባለቤቴ ዘይነባ በኖርንበት ዘመን ሁሉ እኔን ስትሸኝ አንድ ቀን አልቅሳ አታውቅም። እርግጥ በእኛ አገር መንገደኛ በእንባ አይሸኝም። እንባ ለቀብር ነው፤ በቁሙ ላለ ሰው ማልቀስ ሟርት ነው ይባላል። እናቶቻችን ልጆቻቸውን አረብ አገር ሲሸኙ እንኳ ጥርሳቸውን ነክሰው ዱዓ ያደርጉና የልጁ ጀርባ ሳይጠፋ ፊታቸውን አዙረው ቤት ይገባሉ። ይሄን አጥቼው አይደለም፣ እኔም በዚሁ ነው ያደግኩት። ግን እስቲ እናንተ ፍረዱኝ፤ አንዲት ጠብታ ሳታስበው ብታመልጣት ምን ነበረበት? የኔዋ ግን ስንቄን በፌስታል ታቀብለኛለች፣ «አላህ በሰላም ይመልስህ፣ ወደ ኋላ እንዳታይ» ትለኛለች፣ በሩን ትዘጋለች። ቆርቆሮው ቷ ሲል ይሰማኛል። ስመለስም «መጣህ? በል እግርህን ታጠብ» ነው። አንዳንድ ሰው ያለ እንባ ነው የሚፈጠረው ብዬ ተቀብዬው ኖርኩ፤ የሌላትን ነገር አምጪ አይባልም።

እንዲህ ሆኜ በሰላም ስኖር ነው ያ ልጅ ቤቴ የገባው። ያስገባችው የገዛ ልጄ ሰሚራ ናት። ሰሚራ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ትማራለች፤ የጃፓን ካርቱን ካየች ምግብም አትፈልግ። ካርቱን ስላት ደግሞ ትቆጣለች፣ «አባ፣ አኒሜ ነው የሚባለው» ትለኛለች። ስትደነግጥ እንኳ በጃፓንኛ ነው የምትደነግጠው። ፊልሙን በፍላሽ ታመጣና ቴሌቪዥኑ ላይ ሰክታ፣ ከሥር የሚያልፈውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እያነበበች ለእናቷ ትተረጉማለች። የልጁ የጃፓን ስም ረጅም ሆኖ ለአፍ ስላስቸገረ ዘይነባ ሀሩን ብላ አወጣችለት። እኔን ሳታማክር የወሎ ስም ተሰጥቶት ቤተሰብ ሆነ።

እስቲ ስለዚህ ሀሩን ስለሚባለው ልንገራችሁ። ባሕር ዳር ያለች የአንዲት መንደር ጀልባ ቀዛፊ ነው። ዓይኑ የፊቱን እኩሌታ ይዞታል። አንድ ቃል ሊናገር ሲል ነፋስ ይነሳል፣ ጸጉሩ ይውለበለባል፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ የአበባ ቅጠል ይበናል። ከገደል ሲወድቅ አየር ላይ ሆኖ ልጅነቱን ያስታውሳል፣ እናቱን ያስታውሳል፣ መቅዘፍ ያስተማሩትን ሽማግሌ ያስታውሳል፤ አስታውሶ እስኪጨርስ መሬቱ በትዕግሥት ይጠብቀዋል። እኔ ሐረጎ ላይ ፍሬን እምቢ ያለኝ ቀን ያስታወስኩት የእጅ ፍሬኑን ብቻ ነው።

አንድ ጁምዓ ከሰዓት በኋላ ቤት ነበርኩ። እናትና ልጅ ከፊልሙ ውስጥ ስለ አንድ ደወል የሚያወራውን ክፍል ከፍተው እያዩ ነው። ሀሩን ባሕር ከገባ ቆይቷል፣ የመንደሩ ሰው ሰጥሟል ብሎ ቁርጡን አውቋል። ሲሄድ እንኳ ያላለቀሰችው እጮኛው ብቻ ናት ተስፋ ያልቆረጠችው። ወደቡ ላይ አንድ የዛገ ደወል አለ፤ ታሪኩ ከተጀመረ አንዴም ደውሎ አያውቅም፤ እሷ ግን ጠዋት ጠዋት እየሄደች ዝገቱን ትፍቃለች። ከዕለታት አንድ ቀን ጭጋጉ ውስጥ ጀልባዋ ብቅ አለች። ልጅቷ ስሙን ልትጠራ አፏን ከፈተች፤ ድምፅ እምቢ አላት። ሮጣ ሄዳ ገመዱን ሳበችው። ደወሉ ደወለ። ሀሩንም መቅዘፊያውን ጥሎ ጀልባው ውስጥ በጉልበቱ ተንበረከከ፣ ሙዚቃው ተነሳ፣ ቅጠሉ በነነ። ወላሂ፣ እውነት ለመናገር እኔም አፍንጫዬን ጠረግ አድርጌ ነበር፤ ግን ያን ሰሞን ጉንፋን ነበረብኝ።

ከጎኔ ስፍ ስፍ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሽንኩርት እየላጠች መስሎኝ ዘወር ብል የምትለቅመው ምስር ነው። ዘይነባ ታለቅሳለች። የሻርፗ ጫፍ ርሶ በእጇ ጨምድዳዋለች። ያ የለም ብዬ የተውኩት እንባ ለካ ሞልቶ ተርፎ ኖሯል፤ አድራሻው ነው ሌላ የሆነው። እኔ ሥጋና ደም ሆኜ በአፋር ፀሐይ ስጠበስ ያላገኘሁትን፣ እሱ አንዴ በጀልባ ተመልሶ ወሰደው።

«ለዚህ ነው እንዲህ የሆንሽው?» አልኳት።

«አሳዘነኝ» አለችኝና ምስሯን ወደ መልቀም ተመለሰች።

ነገሩ በዚያ ቢያበቃ ጥሩ ነበር፤ አላበቃም። ከዚያ ወዲህ መንገድ ወጥቼ ባቲ ስደርስ ደህንነቴን ልነግራት ስደውል ከጀርባዋ ያ ደወል ይሰማኛል። በሌላው ጉዞም እንዲሁ። ቤት ስሆን ግን ሀሩን የሚባል የለም፤ ሰሚራ ልክፈተው ስትል እንኳ እናቷ ሥራ አለብኝ ብላ ትነሳለች። እኔ ዞር ስል ሳሎኔ ይገባል፣ ስመጣ ይወጣል። ይሄ ሰው ቢሆን ኖሮ እናንተስ ምን ትሉ ነበር? የሆዴን በሆዴ ይዤ መሪዬን እየጨበጥኩ ሚሌ ድረስ ከስዕል ጋር ስጣላ እሄዳለሁ። ሹፌር ብቻውን ሲነዳ ማን ይገላግለዋል?

ሲከብደኝ ለታደሰ አጫወትኩት። ታደሰ የኮምቦልቻ ልጅ ነው፣ እንደኔው ሹፌር፤ ቤተሰቡ የወንጌላውያን አማኞች ናቸው። ስቆ ስቆ ሲያበቃ የራሱን ነገረኝ። እሱ ሲወጣ ባለቤቱ እጇን ትከሻው ላይ ጭና ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ እንባዋን እያፈሰሰች ትጸልይለታለች አሉ። ላጽናናህ ብሎ ነው የነገረኝ፤ ጭራሽ በእሱም ቀናሁ። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀኝ፣ ስትሄድ ምን ብለሃት ታውቃለህ አለኝ። ባስብ ባሰላስል ከ«ስንቁን አምጪ» በቀር ትዝ የሚለኝ የለም። ያ ልጅ እኮ ይናገራል፣ አንተ ፌስታል ተቀብለህ ነው የምትወጣው፣ አንጀቷን የሚበላ ነገር በላት ብሎ መከረኝ። እውነት ነው አልኩ። ሀሩን የቻለው እኔን ምን ያቅተኛል?

ለሚቀጥለው ጉዞ ተዘጋጀሁ። ቀኑ ደርሶ ስንቄን ተቀበልኩ፣ ከበሩ ወጥቼ ጥቂት ራመድ አልኩና ቀስ ብዬ ዞርኩ። ጭጋጉ እንኳ ለእኔ አድልቶ ሆጤን ሸፍኖልኛል። ነፋስ ግን አልነሳም፤ የሚበን ነገር ቢኖር ከጎረቤት የሚወጣው የማገዶ ጭስ ነው። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ዓይኔንም የቻልኩትን ያህል አስፍቼ፣ «ዘይነባ፣ ምናልባት ካልተመለስኩ...» ብዬ ጀመርኩ።

አላስጨረሰችኝም። ፊቷ አመድ መሰለ። «አፍህን በኸይር ክፈት!» ብላ ጮኸችብኝ፤ መጥታም በሁለት እጇ ትከሻዬን ይዛ ፊቴን ወደ መንገዱ አዞረችው። «ሂድ፣ ወደ ኋላ እንዳታይ» አለችኝ። ቆርቆሮው ከሌላው ቀን ሁሉ ጠንክሮ ቷ አለ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሉት እኔን ነው፤ እንባ ፍለጋ ወጥቼ የተለመደውን ዱዓ እንኳ ሳልመረቅ ቀረሁ።

መናኸሪያ ደርሼ ሚኒባሱ ውስጥ ተኮርምቼ ሰው እስኪሞላ ስጠብቅ ኪሴን ብዳብስ መንጃ ፈቃዴ የለም። ትናንት የለበስኩት ጃኬት ውስጥ ቀርቷል። ወጥቶ መመለስ ለመንገደኛ ደግ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ያለ መንጃ ፈቃድ ኬላ ማለፍም እንደማይቻል አውቃለሁ። በባጃጅ ወደ ሆጤ ተመለስኩ። በሬ ጋ ስደርስ ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ደወሉ ይደውላል። ገና ከደሴ እንኳ ሳልወጣ! ሴት ልጅ ትንሽ አፍራ ባሏ ሐረጎን እስኪወርድ አትጠብቅም? ዛሬስ ፍላሹን ነቅዬ ሰባብሬ ነው የምሄደው ብዬ በሩን ልደበድብ እጄን ሳነሳ፣ ሰሚራ ዳቦ ገዝታ ስትመለስ ደረሰችብኝ። እጄን ያዘችኝ።

«አባ፣ አትግባ» አለችኝ በሹክሹክታ።

«እናትሽ እኔ ስወጣ ነው ይሄን ልጅ የምትጠራው?»

«አንተ ስትወጣ ብቻ ነው። ለመንገደኛ አይለቀስም ትላለች እኮ። ለሀሩን ቢለቀስለት ምን ይሆናል? ስዕል ነው፣ አይሞት።»

በሩ ስንጥቅ አለው፣ የሳሎኑም መስኮት ክፍት ነበር። ዓይኔን አስጠግቼ አየሁ። ቴሌቪዥኑ ብቻውን ያወራል፣ ሀሩን ብቻውን ይንበረከካል፤ የሚያየው የለም። ዘይነባ የትናንቱን ጃኬቴን ጭኗ ላይ አድርጋ ፊቷን ቀብራበታለች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ደወሉ ሲያበቃ ቀና ሳትል በዳበሳ ሪሞቱን ፈልጋ መልሳ ከመጀመሪያው ከፈተችው።

እዚህ ላይ ሀሩን ቢሆን በሩን በርግዶ ይገባል፣ ቅጠሉ ይበናል። እኔ ግን ቆርቆሮውን ተደግፌ ቆምኩ። ብገባ መንገደኛ ተመለሰ ብላ ትደነግጣለች፤ ከዚያም አልፎ እንዳየኋት ካወቀች ይቺንም መሸሸጊያዋን አጣች ማለት ነው፣ ዳግመኛ አታለቅስም። የመጣሁት መንጃ ፈቃዴን ፍለጋ መሆኑን ስነግራት ሰሚራ ገብታ ጃኬቱን ልስቀለው ብላ ከእናቷ እጅ ተቀበለችና መንጃ ፈቃዱን ደብቃ አመጣችልኝ። ተቀብያት ሄድኩ። ያን ዕለት ወደ ኋላ አላየሁም፤ ባይ አልሄድም ነበር።

ባቲ ስደርስ እንደ ልማዴ ደወልኩ። ያው ደወል ከጀርባዋ አለ። «ደረስክ? አልሃምዱሊላህ» አለችኝ፣ ጉንፋን እንደያዘው ሰው በአፍንጫዋ። ጫጫታው ከረበሸህ ልዝጋው አለችኝ።

«ተይው ይደውል» አልኳት፤ «ጥሩ ልጅ ነው።»

ቅናቴ የለቀቀኝ እንዳይመስላችሁ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ እንዲሉ፣ እንባው የእኔ መሆኑን ባውቅም እኔ ሚሌ ላይ ጎማ እለውጣለሁ። ሳሎኔ ውስጥ ከፊቷ ተንበርክኮ ስታለቅስልኝ የሚያየው ያው ሰማያዊ ጸጉሩ ነው።