ዓባይ ስንት ዓይን አለው?

እስቲ ልጠይቃችሁ፣ ዓባይን በሰው መልክ ሣሉት ብትባሉ ስንት ዓይን ትሰጡታላችሁ? አትሳቁ! እዚህ ሱዳን፣ እኛ ስደተኞቹ ባለንበት ካላክላ ሰፈር ውስጥ ጎረቤት ሊያጣላ የደረሰ ጥያቄ ነው።

አምና በኸሪፍ፣ በዝናቡ ወራት ማለቴ ነው፣ ውሃ ሰፈራችን ገባና የእትዬ ሙሉን የጭቃ ክፍል ናደው። ምስኪን! ማንሺያ፣ ሀብታሞቹ ሰፈር፣ የሰው ቤት ስትጠርግ ውላ የምትገባባት ያቺው አንዲት ክፍል ነበረች። ሁላችንም ዓባይን ረገምን። አገር ለቀንለት እንኳ ተከትሎን መጣ! ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል ይባል የለ? የእትዬ ሙሉን አልጋ ጨመረበት።

ክፍሏ በስንት መከራ ተሠራች። ዘንድሮ ዝናቡ ሲቃረብ፣ በመንገዱ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ ሥዕል እንዲሥልላት ጋሽ ፈንታን ለመነችው። ጋሽ ፈንታ ጎጃም ቤተ ክርስቲያን ሲሥል ያደገ ሰው ነው። እዚህ የቪላ አጥር ይቀባል። እጁ ግን፣ እጁ ይባረክ! የቤተ ክርስቲያናችንን ሥዕል መቼም ታውቃላችሁ፤ ጻድቁ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ያያችኋል፣ ክፉው በጎኑ ይቆምና አንድ ዓይን ብቻ ይቀረዋል።

እትዬ ሙሉ፣ ዓባይን በአንድ ዓይን ሣልልኝ አለች። እኛ ሐበሾቹ ተቆጣን። የወንዛችን ልጅ አይደለም እንዴ? ሱዳናዊው አከራያችን ሐጅ ኡስማን ደግሞ፣ ያ ጀማዓ፣ እናንተ ሰዎች፣ ውሃ ዓይን አለው እንዴ እያሉ ይስቃሉ።

ጋሽ ፈንታ ሥሎ ጨረሰና የሸፈነበትን ጆንያ ገለጠው። ጉድ! ዓባይ በሁለት ዓይኑ ያየናል። ደግሞ ማማሩ! በአንድ ዓይን የቆምነው እኛ ነን። እኔ የጫማ ካርቶኔን፣ ሐጅ የግንባታ ትርፍራፊያቸውን፣ እትዬ ሙሉ ራሷ ፌስታሏን የመንገዱ ቦይ ውስጥ ስንጥል። ለካ ውሃው ቤት የገባው መሄጃ አጥቶ ነው!

እትዬ ሙሉ ከይሁዳ እኩል አደረገኝ ብላ አለቀሰች። ጋሽ ፈንታ ግን ቦዩን የጠረገ ፊቱን አዞርለታለሁ፣ ሁለተኛ ዓይንም እጨምርለታለሁ አለ። ያላ! አካፋ ያልያዘ አልነበረም። ውሃ ዓይን የለውም ያሉት ሐጅ እንኳ ጀለቢያቸውን ሰብስበው ገቡበት።

ዝናቡ መጣ። ወረደ፣ ወረደ። ውሃው በቦዩ እየተንፏፏ አለፈ። ክፍሏም ንቅንቅ አላለች። ሰው ዝናብ ላይ ቆሞ እልል ይላል? እትዬ ሙሉ እልል አለች።

ጋሽ ፈንታም ሲያባራ ቃሉን ጠበቀ። ሁላችንንም አዞረን፣ ሁለት ሁለት ዓይን ሰጠን። እትዬ ሙሉ በደስታ አዲሱን ዓይኗን ብትነካው ብሌኑ ጣቷ ላይ ቀረ። ከሰል ነው! ምነው ጋሼ፣ ቀለም አለቀብህ እንዴ አልነው።

አላለቀብኝም አለ ብሩሹን እየጠረገ። ይሄኛው ዓይን እንደ መኖሪያ ፈቃዳችሁ፣ እንደ ኢቃማችሁ ነው፤ ቦዩ እየታየ በየዓመቱ ይታደሳል።

ይኸው እንግዲህ፣ በገዛ አገራቸው ኢቃማ የሚያሳድሱ ሱዳናዊ ሐጅ ኡስማን ብቻ ሆነው ቀሩ።