ግራ ጎኑ ብቻ የሚታወቅ የጦር መርከብ

መርከብ መሥራት የሚያምረው ባሕር የሌለውን ሰው ብቻ ነው! ባሕር ያለውማ ምን አስጨነቀው… ተሳፍሮ ይሄዳል። አትሳቁብኝ። እኔ የምኖረው ሞያሌ ነው፤ ያውም በኬንያ በኩል። ውሃ በጄሪካን በአህያ ተጭኖ በሚመጣበት ከተማ፣ ከትንሿ ሆቴላችን ጓሮ ባለችው ዕቃ ቤት ውስጥ፣ ባለ ሦስት ምሰሶ የጦር መርከብ እየሠራሁ ነው። ከእንጨት፣ በእጄ፣ ሁለት ክንድ የሚሆን። መድፉ በመስኮት ብቅ የሚል፣ የድሮ ሰዎች በነፋስ ብቻ እየነዱ የተዋጉበት ዓይነት።

ለምን ትሉኛላችሁ። በወጣትነቴ ምጽዋ፣ በባሕር ኃይል ወጥ ቤት ሽንኩርት ስከትፍ፣ አንድ የውጭ አገር ባለ ሸራ መርከብ ለጉብኝት መጥቶ ወደቡ ላይ ቆመ። ድሮ የጦር መርከብ ነበረ፣ አሁን ማሠልጠኛ ሆኗል አሉ። በመስኮት አየሁት። እናንተዬ፣ እንዴት ያምር ነበር! በሽንኩርቱ አሳብቤ አለቀስኩ። እስኪሄድ ድረስ በዚያችው መስኮት ስመለከተው ሰነበትኩ፤ ግን አንድም ቀን ፊቱን አላዞረልኝም። መርከብ እንደ ሙሽራ «እስቲ ዞር በይ» አይባል! እናም እስከ ዛሬ የማውቀው ግራ ጎኑን ብቻ ነው።

መጀመሪያ ከትዝታዬ ሠራሁት። ግራ ጎኑን በፍቅር፣ ቀኝ ጎኑን በግምት። ባለቤቴ አስካለ መጥታ አየችው፤ ዞራ አየችው፤ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«ይሄ በግራ የጠገበ፣ በቀኝ የጾመ ነገር ምንድን ነው?»

«መርከብ ነው።»

«መርከብስ ከሆነ ታሟል።»

ልክ ነበረች፤ በጣም ነው የከፋኝ። ያን ቀን ትክክለኛ ንድፍ ሳላገኝ አንዲት ሚስማር አልመታም ብዬ ማልኩ። አስካለም በበኩሏ ማለች፦ ዕቃ ቤቷን ለአንድ አስተማሪ ልታከራያት ነው፤ ወሩ ሲገባ ሰውየው ሻንጣውን ይዞ ይመጣል፤ እስከዚያ መርከቡ መርከብ ካልመሰለ እንጨቱ ማገዶ ነው። አስካለ ስትምል ደግሞ አትቀልድም።

ንድፍ ፍለጋው እንዲህ ሆነ። አንድ ጎረቤት የመርከብ ሥዕል ያለበት የግድግዳ ካላንደር አመጣልኝ፤ የተሣለውማ በግራ በኩል ነው! ወደ ኢንተርኔት ቤት ሄድኩ። የሞያሌን ኢንተርኔት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ሥዕል ከላይ ወደ ታች እንደ መጋረጃ ቀስ እያለ ነው የሚወርደው። ባንዲራው መጣ። ምሰሶዎቹ መጡ። ሸራው መጣ። ሆዱ ሊመጣ ሲል… መብራቱ ሄደ! በማግሥቱም ባንዲራ፣ ምሰሶ፣ ሸራ፣ ጨለማ። ያ መርከብ ከወገቡ በታች ለእኔ እንዳይታይ ኢንተርኔቱና መብራቱ የተማማሉ መሰለኝ።

በመጨረሻ አዲስ አበባ ላለው አብሮ አደጌ ለደረጀ ደወልኩ። ደረጀ የሕንፃ ንድፍ የሚሥል ሰው ነው፤ ነገር ካልለካ አይበላም። ፈልጎ ፈልጎ፣ አንድ የውጭ አገር ቤተ መዘክር ያስቀመጠውን የዚያኑ መርከብ ንድፍ አገኘልኝ። በትልልቅ ወረቀት አምስት ገጽ አትሞ፣ ጠቅልሎ፣ በአውቶቡስ በኢትዮጵያ በኩል ወዳለችው ሞያሌ ላከው። የቀረው ድንበሯን መሻገር ብቻ ነው። ለዚህ ደግሞ አዴ ሐሊማ አለችልን፤ ጠዋት ማታ ዕቃ ይዛ የምትሻገር ነጋዴ።

«አዴ ሐሊማ፣ አደራሽን» አልኳት፤ «በጣም ውድ ነገር ነው!»

እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት። አያችሁ፣ በእኛ ከተማ ውድ ነገር አንድ ላይ ድንበር አይሻገርም። ይበተናል። አንዷ አንዱን፣ ሌላዋ ሌላውን «የራሴ ነው» ብላ በነጠላዋ ሥር ትይዛለች፤ ቀረጥ የሚጠይቀው አስካሪም፣ ያው የኬንያው ፖሊስ፣ የማንን ይዞ የማንን ይለቃል! ሐሊማም ለዓመታት በስኳርና በጨርቅ የተካነችበትን ሙያ ለመርከቤ አዋለችው። አምስቱን ገጽ ለአምስት ሴቶች አካፈለች። በወረቀት ላይ ቀረጥ የሚባል ነገር እንኳ የለም!

ማታ ሁለት ገጽ ይዛ፣ ፊቷ በኩራት እያበራ መጣች። እዚህ ሽማግሌ ሁሉ በስዋሂሊ «ምዜ» ነው የሚባለው።

«ምዜ፣ ሺዳ የለም፣ ችግር የለም! አስካሪ ጨርሶ አልነካንም፣ ካቢሳ!»

«ሌሎቹስ?»

«አንዱ ሄሉ ሰፈር ነው። አንዱ ከጉዮ ሚስት ጋር ጎልቦ መንደር ገባ። አንዱን ዳኪ ይዛ ለሠርግ ዳበል ሄደች። ውድ ነው አላልከኝም? ውድ ነገር ቶሎ አይሰበሰብም፣ ይረጋል!»

ወሩ ሊገባ ነው፣ መርከቤ ደግሞ በሦስት አቅጣጫ ተበትኗል። ተነሣሁ።

ሄሉ ስደርስ የሸራው ገጽ የአንዲት ባለ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ተነጥፏል። ጫፍ ጫፉ በመቀስ እንደ ዳንቴል ተቆርጦ ሳሙና ተደርድሮበታል። ሴትየዋ «አያምርም?» አለችኝ። እውነቱን ልንገራችሁ… ያምራል። ሳሙናውን አብረን አንሥተን ወረቀቴን ወሰድኩ።

ጎልቦ በጭነት መኪና ላይ ከፍየል ጋር ተጋፍቼ ደረስኩ። ጉዮ የመርከቡ ወለል የተሣለበትን ገጽ መሬት ላይ ዘርግቶ፣ አራት ማዕዘኑን በድንጋይ ይዞ፣ ከሽማግሌዎች ጋር ይመክርበታል።

«ይሄ የማን መንደር ነው?» አለኝ።

«መንደር አይደለም፣ መርከብ ነው። ውሃ ላይ ነው የሚኖረው።»

«ዙሪያውን ቢሻን፣ ውሃ ብቻ ነው?»

«ዙሪያውን።»

ሽማግሌዎቹ በቅናት ተያዩ።

«ግን አይጠጣም» አልኩ፤ «ጨው ነው።»

«እና ምን ሊሠሩ ሄዱ?»

«ሊዋጉ።»

ጉዮ ወረቀቱን ጠቅልሎ ሰጠኝ። «ውሰድልን ምዜ፤ የባሰ አገርም አለ ለካ» አለ። ስወጣም በአዘኔታ እያየ ወተት አጠጣኝ።

የቀረው የዳበሉ ነው። እሱ ደግሞ ዋናው! መርከቡ እንደ ዳቦ ቢቆራረጥ እያንዳንዱ ቁራጭ ምን እንደሚመስል የሚያሳየው፣ ሕይወቴን ሙሉ ያላየሁት ቀኝ ጎኑ ያለበት ገጽ። ዳኪ ለሠርጉ ያረፈችበት ቤት ስደርስ ወረቀቱ የለም። ቀና ስል አየሁት፤ አቧራ እንዳይገባ ጣሪያው ቀዳዳ ላይ ሸጉጣዋለች። ተንጠራርቼ ጫፉን ልይዝ ስል አንድ ነገር አፍንጫዬ ላይ ጠብ አለ።

ዝናብ! ከብት እስኪያልቅ ተጠብቆ የቀረው ዝናብ፣ ያን ቀን፣ ያችን ሰዓት! ቀለሙ በግድግዳው ላይ ወረደ፤ ወረቀቱ እንደ ተነከረ ዳቦ እጄ ላይ ተበጣጠሰ። ዳበል ሙሉ «ሮባ! ሮባ!» እያለ ወጣ፤ ሠርገኛው ሁሉ ሙሽሪትን ትቶ ሰማይ ሰማዩን ያያል። በዚያ ሁሉ እልልታ መሐል «ወረቀቴን!» እያልኩ የምጮኸው እኔ ብቻ።

ዳኪ ባልዲ እየደቀነች «ፖሌ፣ አይዞህ ምዜ» አለችኝ፤ «ካራታሲ፣ ወረቀቱማ ነገም አለ። ሮባን ማን ያመጣልሃል?»

አፈርኩ። ደስም አለኝ። በስብሼ፣ ያለ ቀኝ ጎን፣ ወደ ሞያሌ ተመለስኩ፤ መርከቤ ምድጃ ውስጥ እየታየኝ።

ቤት ስደርስ አስካለ ቀሚሷን ሰብስባ ዕቃ ቤቷ መሐል ቆማለች። ዝናቡ እዚህም ኖሮ ጣሪያው እንደ ወንፊት አፍስሶታል፤ ውሃው ቁርጭምጭሚቷ ደርሷል። አስተማሪው ሻንጣውን እንዳንጠለጠለ በሩ ላይ ደርቆ ቀርቷል። በሁለቱ መሐል ደግሞ… መርከቤ! ተንሳፍፎ! ወደ ግራ ዘመም ብሎ ነው እንጂ፣ ከእህል ጆንያው ወደ ባዶው ሳጥን በክብር ይጓዛል። በዚያ ሁሉ ዓመት መርከብ አየሁ እንጂ የራሴ ሲንሳፈፍ አይቼ አላውቅ፤ ደግሞ አለቀስኩ። አሁን ሽንኩርትም የለም።

አስተማሪው ጣሪያውን አየ፣ መርከቡን አየ፣ ደህና ዋሉ ብሎ ሄደ። አስካለ መርከቡን በእግሯ ጫፍ ገፋ አደረገችው።

«ቢያንስ ከጣሪያው ይሻላል» አለች፤ «ውሃ አያስገባም።»

ጣሪያው እስኪጠገን መርከቡ ይቆይ ተባለ። ጣሪያውን የምጠግነው ደግሞ እኔ ነኝ… አልቸኩልም።

ደረጀ ያንኑ ገጽ ደግሞ አትሞ ላከልኝ። አሁን ግን ብልጥ ሆኛለሁ። «አዴ ሐሊማ» አልኳት፣ «አንድ ወረቀት አለ፤ ምንም የማይረባ ነው፤ አትጨነቂበት።»

ማታ ባዶ እጇን መጣች።

«የታለ?»

«ጣልኩት። የማይረባ ነው አላልከኝም? ለማይረባ ነገር ማን ይሸከማል!»

እንግዲህ መርከቤን ልታዩ የምትመጡ ሁሉ፣ በሩ ክፍት ነው። ወንበሩን ግን ከግራ በኩል አድርጌዋለሁ፤ እዚያው ተቀመጡ፣ እንዳትዞሩ።